ሕጉ «ይችላል» ካለ ይከሰሳል ወይስ አይከሰስም?

የፒያሳ መርፌ (ደሴ)

ሰላም የወሎ ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ጥያቄዬ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ደሴ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። መርፌ፣ ቦቢን፣ ቺንጋ፣ ሞተር፣ የመሳሰለውን። ድሮ ከአዲስ አበባ አስመጪ ነበር የምረከበው። አምና ግን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ራሳችን አስመጣን። ዕቃው ደረቅ ወደብ ገባ። ትራንዚተራችን ዲክላራሲዮኑን ሞላ፣ ቀረጡ ተሰላ፣ ከፈልን። አለቀ ብለን የጭነት መኪና ስናፈላልግ አንድ መሥሪያ ቤት «ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል» አለን። ከአምራቹ ደብዳቤ አምጡ ተባልን፤ አመጣን። ደብዳቤው ማኅተም ይኑረው ተባልን፤ አስመታን። ከዚያ ደግሞ ሌላ ወረቀት። ዕቃው 19 ቀን ቆመ። የመጋዘን ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥራል። በ20ኛው ቀን ሌላ ባለሙያ መጣና መጀመሪያ ባቀረብነው ወረቀት ብቻ አሳለፈን።

የቆጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። «ይሄን የሚለው የትኛው ሕግ ነው?» ብዬ ስጠይቅ ሰውየው አላመናጨቀኝም። መመሪያውን አውጥቶ በእስክሪብቶው ጫፍ መስመሩን አሳየኝ። «መሥሪያ ቤቱ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ተጨማሪ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል» ይላል። በቃ። መቼ፣ ምን ዓይነት፣ ስንት ጊዜ፣ ምንም የለም።

ታናሽ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። «አገራችን የዓለም ንግድ ድርጅት ስትገባ እንዲህ ያለ ሕግ ይከሰሳል» ይለኛል። ሕግ የሚማረው ጓደኛው ግን «የሚከሰሰው 'ያደርጋል' ብሎ የሚያዝ ሕግ ነው፤ 'ይችላል' የሚል ሕግ ራሱ ጥፋት የለበትም» ብሎ ድርቅ አለ። ትናንት ማታ ከአቦል እስከ በረካ ሲከራከሩ አመሹ። ማን ነው ልክ?

ሆጤ ማዶ

ወንድሜ፣ ሕግ አስተምራለሁ። ይሄ ጉዳይ ደግሞ አብዝቼ ከምወዳቸው አንዱ ነው። የወንድምህ ጓደኛ የድሮውን ትምህርት በደንብ ይዟል።

አንድ ነገር ላስቀድም። በዓለም ንግድ ድርጅት የሚካሰሱት መንግሥታት ናቸው። አንተ ዶሴ ይዘህ ድርጅቱ ያለበት ጄኔቫ አትቆምም። የአንድ አገር ነጋዴዎች ሲጎዱ መንግሥታቸው የሌላውን መንግሥት ሕግ ወይም አሠራር ይከሳል። እኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ያመለከትን ነን፤ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። አባል ሳንሆን እዚያ አንከስም፣ አንከሰስም።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ በጋት ዘመን (ጋት ከድርጅቱ በፊት የነበረው የንግድ ስምምነት ነው) ፓናሎች፣ ማለትም ክርክሩን የሚሰሙት ጉባኤዎች፣ ሕግን ለሁለት ይከፍሉ ነበር። አንዱ አስገዳጅ ሕግ ነው። አስፈጻሚው ስምምነቱን የሚጥስ ነገር እንዲሠራ ያዘዋል፣ መውጫም አይሰጠውም። ሌላው ፍቅድ ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ ነው። በዚህኛው አስፈጻሚው ከፈለገ ስምምነቱን አክብሮ መሥራት ይችላል። አስገዳጁ ማንንም ሳይነካ፣ ገና በወረቀት ላይ እያለ ይከሰሳል። ፍቅድ ሥልጣን የሚሰጠው ግን መንግሥት ሥልጣኑን ተጠቅሞበት ጥሰት እስኪፈጸም ይጠበቃል።

የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. የ1987ቱ የሱፐርፈንድ ክርክር ነው። አሜሪካ የተበከለ መሬት ለማጽዳት በ1986 ሕግ አወጣችና ነዳጅ ላይ ግብር ጣለች። የአገር ውስጡ በበርሜል 8.2 ሳንቲም፣ ከውጭ የሚገባው 11.7 ሳንቲም። ካናዳ፣ ሜክሲኮና የአውሮፓ ማኅበረሰብ ከሰሱ። በነዳጁ አሜሪካ ተረታች። ላንተ የሚጠቅመው ግን ሌላው ክፍል ነው። ከተወሰኑ ኬሚካሎች የተሠሩ የውጭ ዕቃዎች ላይም ግብር ነበር፣ ሥራ ላይ የሚውለው ገና በ1989 መጀመሪያ። አስመጪው የሚጠየቀውን መረጃ ካላቀረበ የዕቃውን ዋጋ 5 በመቶ ይከፍላል ይላል። ሕጉ ግን ለገንዘብ ሚኒስቴሩ በደንብ ሌላ ምጣኔ የመወሰን ሥልጣን ሰጥቶታል። ፓናሉ «ግብሩ ገና አልጀመረም» ብሎ ክሱን ውድቅ አላደረገም፤ ሕጉ አስገዳጅ ነውና እመረምረዋለሁ አለ። 5 በመቶው ላይ ሲደርስ ግን፣ ሚኒስቴሩ ሌላ መንገድ አለውና ሕጉ ጥሰትን አያስገድድም አለ። አሜሪካን ያወጣቻት ያቺ «ይችላል» ናት። የዚያም ጣጣ እንዳንተው የወረቀት ጣጣ ነበር።

በ1990 በታይላንድ የሲጋራ ጉዳይም ተመሳሳይ ነገር ተባለ። የውጭ ሲጋራ እንዳይገባ መከልከሏ ላይ ታይላንድ ተረታች። የትምባሆ ሕጉ ግን ለውጭው ሲጋራ ከፍ ያለ ግብር ለመጣል ሥልጣን መስጠቱ ብቻውን ጥሰት አይደለም ተባለ።

በዚህ ዓይን ከታየ ያንተ መመሪያ በወረቀት ላይ እያለ አይነካም።

የተሁለደሬ ልጅ

መምህር፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን እዚያ ላይ ባይቆሙ። እ.ኤ.አ. ከ1999 በኋላ ነገሩ ተለውጧል። እኔን ይሄን ትምህርት ያስወደደኝ ደግሞ የዚያ ዓመት ፓናል ያመጣው የሁለት ገበሬዎች ምሳሌ ነው።

የአሜሪካ የንግድ ሕግ አንቀጽ 301 የሚባል አለው። የንግድ ተወካዩ መሥሪያ ቤት «እገሌ አገር መብታችንን ነክቷል» ብሎ እንዲወስንና እንዲቀጣ የሚያስችል ነው። የጊዜ ገደቡ የጄኔቫው ክርክር ከማለቁ በፊት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አሜሪካ ዳኛ ሳትጠብቅ ራሷ የመፍረድ መብት በሕጓ ይዛለች ማለት ነው። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ከሰሰ። አሜሪካ ያቀረበችው መከላከያ የመምህር ትምህርት ነው፦ «ሕጉ እንድንጥስ አያስገድደንም፣ ሥልጣን ነው የሚሰጠን።»

ፓናሉ ምን አለ መሰላችሁ? ወሰንተኛ የሆኑ ሁለት ገበሬዎችን አስቡ አለ። ድንበር ገፋህ ገፋህ እየተባባሉ ሲጋጩ የኖሩ፣ መሣሪያ የተማዘዙ። አንድ ቀን ይታረቃሉ። ከእንግዲህ ጠብ ሲነሳ ወደ ሕግ እንጂ ወደ ጉልበት አንሄድም ብለው በጽኑ ይዋዋላሉ። ከዚያ አንደኛው በወሰኑ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ያቆማል፦ «ማለፍ ክልክል ነው። ያለፈ ሊተኮስበት ይችላል።» ይተኮስበታል አላለም። ሊተኮስበት ይችላል ነው ያለው። ይሄ ሰው ውሉን አክብሯል?

እኔ ያደግኩት አበጋር፣ ማለትም ባህላዊ አስታራቂ፣ ባለበት አገር ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደም ሲፈስ ወደ አበጋር ይሄዳል። አያቴ ዕርቅ ላይ ተቀምጠው ሲመለሱ የሚነግሩን አንድ ነገር ነበር። የታረቀ ሰው በማግስቱ ጠመንጃውን ደጃፉ ላይ ሰቅሎ ቢታይ፣ ባይተኩስም ዕርቁን አፍርሷል። ምክንያቱም ወሰንተኛው ያንን አይቶ በዚያ በኩል ከብት አያሰማራም። ልጁን ውሃ አይልክም። ጥይት ሳይተኮስ መሬቱ ተወሰደ ማለት ነው።

ፓናሉም ያለው ይሄንኑ ነው። የንግድ ስምምነቱ የሚጠብቀው መንግሥታትን ብቻ ሳይሆን ገበያ ውስጥ ያሉትን ነጋዴዎችም ነው። ዛቻው ብቻውን ነጋዴን ያስፈራል፣ ገበያን ያዛባል። ስለዚህ ሥልጣን ብቻ የሚሰጥ ሕግም ጥሰት ሊሆን ይችላል።

ወንድሜ፣ ያንተ ኮንቴይነር 19 ቀን ቆመ። ባይቆምስ ኖሮ? ያንን መስመር ያነበበ ሌላ የደሴ ነጋዴ «ምን አስለፋኝ» ብሎ ቀድሞውንም አያስመጣም ነበር። የሱ ኪሳራ ግን በየትም መዝገብ አይገኝም።

ሆጤ ማዶ

የተሁለደሬ ልጅ፣ አላህ ይስጥህ። የጉዳዩን መጨረሻ ግን ልጨምርበት፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። በዚያ ክርክር አሜሪካ አልተረታችም። ፓናሉ የሕጉ ቃል ሲታይ ጥሰት ይመስላል አለ። ነገር ግን አስተዳደሩ ለራሱ ምክር ቤት በጻፈው መግለጫ፣ ፓናሉ ፊትም ቆሞ፣ የጄኔቫውን ውጤት ሳንጠብቅ አንወስንም ብሎ ቃል ገባ። ፓናሉ ቃሉን ተቀበለ። ይህ ቃል ቢታጠፍ ግን የእኔም ፍርድ አይቆምም አለ። ሰሌዳው ሳይነሳ ከሥሩ «አንተኩስም» የሚል ሌላ ሰሌዳ ተተከለ እንደማለት ነው። እኔ በዚህ አልተደሰትኩም። የአንድ መንግሥት ቃል በሌላ መንግሥት ዘመን ምን ያህል እንደሚጸና ማን ያውቃል?

እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ጃፓን አሜሪካን በብረት ጉዳይ በከሰሰችበት ክርክር የፓናሎችን ፍርድ በይግባኝ የሚያየው የይግባኝ አካሉ አስገዳጅና ፍቅድ የሚለውን ክፍፍል በጭፍን አትጠቀሙበት አለ። ክፍፍሉን ፈጽሞ አልሻረውም። እንደ ጉዳዩ ይታይ ነው ያለው።

የኮምቦልቻ ሺፍት

እኔ ሕግ አላውቅም። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ መስመር ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የተሁለደሬ ልጅ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲመረቅ ነበርኩ። ያኔ የሚነገረን አጎዋ ነው። ልብሱ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባል፣ ለዚህ ነው ፋብሪካ የመጣው ይሉናል። የአጎዋ ሕግ ግን ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ የመወሰኑን ሥልጣን የሰጠው ለፕሬዝዳንቱ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አገራችን ወጣች። ወደ ፖለቲካው አልገባም። እኔ የማወራው ከዚያ በፊት ስለነበሩት ሳምንታት ነው። ገና ሳይወሰን፣ «ሊወጡ ይችላሉ» ሲባል ብቻ። እጅጌ የሚገጥሙት ልጆች ከመኪናቸው ቀና እያሉ ያዩኛል። የሚቀጥለው ትዕዛዝ መጣ ወይ ብለው ነው። ጨርቁ ተቆርጦ በቁጥር ታስሮ ተቀምጧል፣ የሚሰፋው ግን ሲዘገይ አያለሁ። ገዢው ለስድስት ወር አስቀድሞ ነው የሚያዘው። ሰሌዳውን አንብቦ በሌላ መንገድ ሄደ።

እና መምህር፣ እሱስ ይከሰሳል?

ሆጤ ማዶ

እህቴ፣ አይከሰስም። አጎዋ ውል ሳይሆን ስጦታ ነው። አሜሪካ በራሷ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2000 የሰጠችው ነው፣ ሰጪው ደግሞ ሊነሳ ይችላል። ለዚህ ነው እኔ አባልነቱን የምደግፈው። በአባልነት የምታገኚው ከአጎዋ ያነሰ ነው፤ ቀረጥ ትከፍያለሽ። ግን ያገኘሽው መብት ይሆናል።

ባቲ ሰኞ

ልጆች፣ ሁላችሁም ሥልጣንን አወገዛችሁ። እኔ ደግሞ ልከራከርለት።

ከብትና ፍየል ነጋዴ ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳዑዲና የመን ውስጥ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ገባ። ከአፍሪካ ውጭ ሲታይ የመጀመሪያው ነው። ሰው ሞተ። ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን እንስሳ በሙሉ ዘጋች። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ቆሜ ያየሁትን አልረሳውም። ከአፋር በኩል የመጣ ፍየል ጠዋት ገባ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚጠይቀው ጠፋ። ገመዱን እንደያዙ ይዘው ተመለሱ። በጣም ተጎዳን።

ግን ልንገራችሁ፣ እኔ በሳዑዲ አልፈረድኩም። በሽታ አዋጅ አይጠብቅም። ባለሥልጣኑ «ስጋት ሲያድርብኝ መዝጋት እችላለሁ» የሚል ሥልጣን ባይኖረው ልጆቻቸው ያልቁ ነበር። የኛም መንግሥት ነገ የታመመ ከብት ከጎረቤት ሲመጣበት መዝጋት አለበት። በሩን የሚዘጋ ሰው ከሌለ ቤት አይሆንም። እኔን የጎዳኝ መዝጋታቸው አይደለም። መቼ እንደሚከፍቱና ምን ብናሟላ እንደሚከፍቱ የነገረን አለመኖሩ ነው። ያኔ ክትባት በሉን፣ ለይታችሁ አቆዩ በሉን፣ እናደርግ ነበር። የምናደርገውን ሳናውቅ ጠበቅን።

የተሁለደሬ ልጅ

አባቴ፣ አንድ ሺህ ገጽ የሕግ ጽሑፍ ያላስረዳኝን አስረዱኝ። የንግድ ድርጅቱ የጤና ስምምነት ልክ እርስዎ እንዳሉት ነው የተጻፈው። አንቀጽ 5.7 ማስረጃው ሳይሟላም ጊዜያዊ እርምጃ መውሰድ ይቻላል ይላል። ግን የወሰደው አገር ተጨማሪ መረጃ መፈለግና እርምጃውን በተገቢ ጊዜ ውስጥ መልሶ ማየት አለበት። ያኔ ግን የሚከስ ሰው አልነበረም። ሳዑዲ ራሷ ድርጅቱ ውስጥ የገባችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፣ እኛ ደግሞ አባል አልነበርንም።

ሐረጎ ዳገት

የ38ቱ ዕቃዎችስ? እ.ኤ.አ. በ2022 «ለእነዚህ ኤልሲ (ዕቃ ለማስመጣት ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) አይከፈትም» ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ እገዳው ተነሳ። አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። አባል ብንሆን ይሄ ይቻላል?

ሆጤ ማዶ

የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር ገቢ ዕቃን መገደብ ስምምነቱ ራሱ የሚፈቅደው ነገር ነው፣ በተለይ ለታዳጊ አገር። ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። ህንድ ለብዙ ዓመት በዚሁ ምክንያት ገደብ ይዛ ነበር። አሜሪካ ከሰሰቻትና ህንድ እ.ኤ.አ. በ1999 ተረታች፤ የምንዛሪ ክምችትሽ ይበቃሻል ተባለች።

ለጠያቂው ወንድማችን የሚጠቅም ነገርም እዚያ ፍርድ ውስጥ አለ። የህንድ የማስገቢያ ፈቃድ አሰጣጥ በባለሥልጣኑ ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር። ፓናሉ እንዲህ ያለ አሠራር በባሕርዩ ራሱ ገደብ ነው አለ። እንግዲህ እዚህ ላይ «ይችላል» የሚለው ቃል መንግሥትን አያድንም። ክሱን የሚያመጣው እሱ ራሱ ነው። አንተን ወደብ ላይ ያጋጠመህ ፈቃድ ሳይሆን ማስረጃ ነውና አንድ አይደሉም፣ ግን ጎረቤት ናቸው።

የፒያሳ መርፌ (ደሴ)

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜና ጓደኛውን አብረን አስነበብኳቸው፣ ሁለቱም ዝም አሉ።

አሁን ደግሞ አንድ ጥያቄ። የይግባኝ አካሉ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ አይሠራም ሲባል ሰማሁ። እኛም አባል አይደለንም። የሚቀጥለው ዕቃዬ ግን መንገድ ላይ ነው። ሌላ አገር እስኪከስልኝ ልጠብቅ? እዚሁ ምን ላድርግ?

ሆጤ ማዶ

የሰማኸው እውነት ነው። አዲስ ዳኛ እንዳይሾም አሜሪካ ስለከለከለች ይግባኙ ቆሟል። ፓናሎች ግን ይሠራሉ።

አንተ ግን ጄኔቫን አትጠብቅ። የጋት አንቀጽ 10 ሁለት ነገር ይላል። የንግድ ሕግ ይታተም፣ አፈጻጸሙም ወጥ፣ ከአድልዎ የጸዳና ምክንያታዊ ይሁን። አገር ቤት ከዚህ ጋር የሚገጥም ሕግ አለን፣ የፌደራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)። የፌደራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት መቀበል አለበት። ያልተመዘገበና ያልታተመ መመሪያ አይጸናም። ውሳኔ ሲሰጥህ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። በውሳኔው ካልተስማማህ መጀመሪያ እዚያው መሥሪያ ቤት አቤት ትላለህ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። ስለዚህ መጀመሪያ መመሪያው መመዝገቡን ጠይቅ። ቀጥሎ «ተጨማሪ ማስረጃ» ባሉህ ቁጥር «ምክንያቱን ጽፋችሁ ስጡኝ» በል። ቁጣ አያስፈልግም። ባለሙያውም ሰው ነው፤ ያ መስመር ለሱም መከራ ነው። ቢያሳልፍ ነገ «ለምን አልጠየቅክም» ይሉታል። ስለዚህ ይጠይቃል።

የፒያሳ መርፌ (ደሴ)

ይሄኛውን አላሰብኩትም ነበር። ለሱም መከራ መሆኑን። ሰውየው መስመሩን ሲያሳየኝ እስክሪብቶው ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያኔ የመሰለኝ ሌላ ነው።

እንግዲያው ከነጋዴዎቹ ጋር ሆነን መመሪያው እንዲሻሻል ደብዳቤ እንጽፋለን። «ሥልጣኑን አንሱ» አንልም፤ የባቲው አባታችን ያሉትን ይዘናል። ያቺን መስመር እንዲህ አድርጉልን እንላለን፦

«መሥሪያ ቤቱ በቀረበው ማስረጃ ላይ ጥርጣሬ ሲኖረው፣ የጥርጣሬውን ምክንያትና የሚፈልገውን ማስረጃ ዝርዝር በአንድ ጊዜ በጽሑፍ ገልጾ ሊጠይቅ ይችላል። ማስረጃው በቀረበ በ3 ቀን ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል።»

ስህተት ካለው አርሙልኝ። ነገ «ሰኞ ገበያ» ሠፈር ተሰብስበን እንፈርማለን።

ባቲ ሰኞ

ጥሩ ነው ልጄ። ውሳኔ ካልሰጠስ? እሱን ጨምርበት።

የኮምቦልቻ ሺፍት

«በ3 የሥራ ቀን» በሉት። አለበለዚያ ዓርብ ከሰዓት የገባ ወረቀት ያጣላችኋል።

የፒያሳ መርፌ (ደሴ)

ሁለቱንም ጨምሬያለሁ፦ «በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል፤ ካልተሰጠ ዕቃው ባለው ማስረጃ ይለቀቃል።» ሁለተኛው ላይ «ይለቀቃል» ነው ያልኩት። «ሊለቀቅ ይችላል» አላልኩም።